የእማዬ እጅና ጉልበት በራጅ፦ ሪህ ነው፣ ቁርጥማት ነው ወይስ የእድሜ?

የኮዬ ልጅ (ሰኞ ማታ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለንም። እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ደረጃ ስትወርድ ይብስባታል። እሱን ለምደነው ነበር። አሁን ግን እጆቿ ጀመሯት። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሳ ጣቶቿ እሺ ብለው አይታጠፉም። ጀበና ማንሳት አቅቷታል። ትንሽ የሚላቀቁላት ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስጃት ጉልበቷንና ቀኝ እጇን ራጅ ተነሳች። የተሰጠን ወረቀት ሁለት መስመር ነው። ጉልበት ላይ «መጠነኛ የመበላት ለውጥ»፣ እጅ ላይ «ስብራት የለም» ይላል። ስብራት እንደሌለማ እኛም እናውቃለን፣ አልወደቀችም። ያየን ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮት አንስቶ አየና «ሪህ ነው፣ ስጋ ይቅርባቸው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልን። እማዬ የዓመቱን እኩሌታ የምትጾም ሴት ናት። ስጋ የምታየው በበዓል ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ራጅ ላይ የመገጣጠሚያ በሽታ ዓይነቱ ይለያል? ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው? ፊልሙ እጄ ላይ አለ፣ እኔ ግን የማየው አጥንት ብቻ ነው።


ቱሉ ዲምቱ 11 (ሰኞ ማታ 2:58)

ሪህ ነው እህቴ፣ አትልፊ። አጎቴም እንደዚሁ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በማር ጠዋት ጠዋት ስጫት።


ራጅ አንሺው (ሰኞ ማታ 3:15)

ሰበታ አካባቢ ራጅ ክፍል ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፣ አንሺ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጉልበታቸውን ሲያነሷቸው ቆመው ነው ተኝተው?


የኮዬ ልጅ (ሰኞ ማታ 3:19)

ተኝታ። አልጋው ላይ።


ራጅ አንሺው (ሰኞ ማታ 3:41)

ጠርጥሬ ነበር። እህቴ፣ ጉልበት የሚያመው ሰውነት ሲጫነው ነው። ተኝተው ሲነሱ ጫናው የለም፤ አጥንቶቹ ይላቀቃሉ፣ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ሰፋ ብሎ ይታያል። ያው ሰው ቆሞ ሲነሳ ክፍተቱ ሲከደን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ «መጠነኛ» የሚለውን ቃል እንዳለ አትውሰጂው። መጠነኛም ሊሆን ይችላል፣ የባሰም ሊሆን ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ ሁለቱንም ጉልበት፣ ቆመው ነው የሚነሳው። ቆሞ ማንሻ የሌለው ቦታ ብዙ ነው፣ ወይም ወረፋው ሲበዛ ሁሉም አልጋ ላይ ይጋደማል። እኛም የምናጠፋው አለን፣ አልክድም።

እጁም አንድ እጅ ብቻ መነሳቱ ትክክል አይደለም። ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ለማነጻጸር። ቀለበት አድርገው ነው የተነሱት?


የኮዬ ልጅ (ሰኞ ማታ 3:50)

ቀኝ ጣቷ ላይ የአያቴ ቀለበት አለ። አልወጣ አለን፣ አንጓዋ አብጧል። እንዳለ ተነሳች።


ራጅ አንሺው (ሰኞ ማታ 3:57)

ቀለበት ከሥሩ ያለውን አጥንት ይሸፍናል። እርግጥ ራጅን ያገኘው ሮንትገን ራሱ በ1895 እ.ኤ.አ. የሚስቱን እጅ ሲያነሳ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ነበር። እሱ ግን ቁርጥማት አልፈለገም :) በሳሙና ሞክሩት።


ጥቁርና ነጭ (ሰኞ ማታ 5:10)

ራዲዮሎጂስት ነኝ። ፊልሙን ሳላይ የእናትሽ በሽታ ይሄ ነው አልልም። ግን «ዓይነቱ ይለያል ወይ» ብለሻል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይለያል። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ዛሬ አዳሪ ነኝ፣ እንቅልፍም የለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ራጅ ላይ በሁለት አጥንቶች መሀል የሚታየው ጥቁር ክፍተት ባዶ ቦታ አይደለም። እዚያ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት አለ። ጨረሩ ስለሚያልፈው ነው የማይታየው። እኛ «ክፍተቱ ጠበበ» ስንል ልም አጥንቱ እያለቀ ነው ማለታችን ነው።

ዋናው ነገር እንዴት ጠበበ የሚለው ነው። የሚኒባስ ጎማ አይተሽ ታውቂያለሽ? አላይመንቱ የተዛባ እንደሆነ አንድ ጎኑ ብቻ ልጭት ይላል፣ ሌላው ጎን ደህና ነው። በእድሜ፣ በክብደትና በጫና የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ እንደዚያ ነው። ጉልበት ላይ ብዙውን ጊዜ የውስጠኛው ጎን ይበላል። አጥንቱ ደግሞ ዝም ብሎ አይበላም፣ መልስ ይሰጣል። ጠርዙ ላይ ሹል ሹል አጥንት ያበቅላል። ከተበላው ቦታ ሥር ያለው አጥንት ይጠጥራል፣ ፊልሙ ላይ ነጣ ይላል። ሐኪሞች «አጥንት አብቅሏል» ሲሉሽ ይሄን ነው።

ሩማቶይድ የሚባለው የቁርጥማት ዓይነት ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚነሳው መገጣጠሚያውን ከውስጥ ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ልም አጥንቱን ዙሪያውን እኩል ይበላል። ስለዚህ ክፍተቱ በአንድ ጎን ሳይሆን በሁሉም በኩል ይጠባል። አዲስ አጥንት አይሠራም። መገጣጠሚያው አጠገብ ያለው አጥንት ይሳሳል፣ ፊልሙ ላይ ጠቆር ይላል። ከዚያ ጥግ ጥጉን፣ ልም አጥንቱ ያልሸፈነው ጠርዝ ላይ፣ ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ይቦረቦራል። ይሄ ቡርቡር አንዴ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይሞላም። ቶሎ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን እጅሽን ዘርጊና እዪ። ጥፍርሽ ሥር ያለው የመጨረሻ አንጓ አለ። መሀል ላይ ሁለተኛው አለ። ጡጫ ስትጨብጪ ጉብ ጉብ የሚለው የጣት ሥር አለ። ከዚያ ወዲህ የእጅ አንጓው አለ። የእድሜው ዓይነት ጥፍር ሥር ያለውን፣ መሀለኛውንና የአውራ ጣትን መነሻ ይወዳል። ሩማቶይድ የጣት ሥርን፣ መሀለኛውንና የእጅ አንጓውን ይወዳል፣ ጥፍር ሥር ያለውን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ደግሞ በሁለቱም እጅ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ፊልሙን ገና ሳልጠጋው ቦታውን አይቼ እገምታለሁ።

እናትሽ ላይ ያሳሰበኝ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ያልሽው ነው። የእድሜው ዓይነት ጠዋት ያደርቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱበት ይለቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ሌላ ነገር ማሰብ አለብን። የትኛው አንጓቸው ነው ያበጠው?


የኮዬ ልጅ (ማክሰኞ ጠዋት 1:20)

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጨብጪ አልኳት። ያበጠው የጣት ሥሩ ነው፣ የሌባ ጣትና የመሀል ጣት። በሁለቱም እጅ። አሁን ስትሉኝ ነው ልብ ያልኩት፣ ግራውም እንደዚያው ነው። ጥፍሯ ሥር ምንም የለም።


ቱሉ ዲምቱ 11 (ማክሰኞ ጠዋት 2:05)

ዶክተር፣ እርስዎ ሪህ አይደለም እያሉ ነው? እኛ ሰፈር ሁሉም ሪህ ነው የሚባለው።


ጥቁርና ነጭ (ማክሰኞ ቀን 7:30)

ችግሩ እሱ ነው። እኛ አገር ጉልበት ሲያም ሪህ፣ ወገብ ሲያም ሪህ፣ ብርድ ሲመታ ሪህ ነው። እኔ ሪህ የምለው ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ፣ ቅንጣቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥለውን ነው። እሱ አመጣጡ ድንገት ነው። ማታ ደህና ተኝተህ ሌሊት የእግርህ አውራ ጣት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አንሶላ ሲነካው የሚያስጮህ። በወንድ ላይ ይበዛል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ከመቆሙ በፊት ብዙም አይታይም። ቢራ፣ ጉበትና ኩላሊት የመሳሰለው ያብሰዋል፣ ስለዚህ የስጋው ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። ግን የሁሉ ሰው መድኃኒት አይደለም።

ራጅ ላይ ሪህ ከሁለቱም ይለያል። ቡርቡር አለው፣ ግን በመብሻ የተበሳ የሚመስል፣ ጠርዙ ነጭና ጥርት ያለ ነው። አንዳንዴ ከቡርቡሩ ጫፍ ላይ አጥንቱ እንደ ጣራ ክፈፍ ወጣ ብሎ ያንጠለጥላል። አጠገቡ ያለው አጥንት አይሳሳም፣ ክፍተቱም ለረጅም ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል። ይሄ ሁሉ የሚታየው ግን ሰውየው ለዓመታት ከታመመ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ፊልሙ ንጹሕ ነው፣ እብጠት ብቻ ነው ያለው። «ራጁ ሪህ አሳየ» ብሎ በሁለተኛ ሳምንት የሚጽፍ ካለ እኔም ባየው ደስ ይለኛል።


ቁርጥ ይሻላል (ማክሰኞ ቀን 8:02)

ስለዚህ ቁርጥ ይፈቀዳል ማለት ነው? ዶክተር ይባረኩ 😀


ለገጣፎ ሾፌር (ማክሰኞ ማታ 1:45)

እኔም ልናገር፣ ምናልባት አንድ ሰው ይጠቀማል። 31 ዓመቴ ነው፣ ከለገጣፎ መገናኛ ነው የምሠራው። ከ23 ዓመቴ ጀምሮ ታች ወገቤን፣ መቀመጫዬ አካባቢ ያመኝ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ያነቃኛል። ተነስቼ ግቢ ውስጥ ስዞር ይሻለኛል። ስተኛ ይመለሳል። ሰው ሁሉ «ሾፌር ስለሆንክ ነው» አለኝ። ሁለት ቦታ ኩላሊት ተባልኩ። አንድ ቦታ ዲስክ። የወገብ ራጅ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሦስቴም «ጤነኛ ነው»።

አራተኛው ሐኪም ስለ ሌሊቱ ጠየቀኝ። በመንቀሳቀስ ይሻልሃል ወይ አለኝ። አዎ ስለው ወገብህን ተወው፣ ዳሌህን ተነሳ አለኝ። እዚያ ላይ አከርካሪው ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ግራም ቀኝም፣ የተበላና የደበዘዘ ሆኖ ተገኘ። አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ የሚባል የአከርካሪ ቁርጥማት ነው አሉኝ። ቦታው ሌላ፣ ፊልሙ ሌላ ነበር።


ጥቁርና ነጭ (ማክሰኞ ማታ 2:30)

ወንድሜ፣ ያንተ ታሪክ መማሪያ ነው። በወጣት ላይ፣ በእረፍት የሚብስና በእንቅስቃሴ የሚሻል የወገብ ሕመም ዲስክ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ራጁ ደግሞ ይዘገያል፤ ለዓመታት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ኤምአርአይ ቀድሞ ያየዋል። እየቆየ ሲሄድ የአከርካሪ አጥንቶቹ ጠርዝ ለጠርዝ በስስ ድልድይ ይያያዛሉ፣ ያኔ ፊልሙ ላይ ልክ የቀርከሃ አንጓ ይመስላል። ስሙም የቀርከሃ አከርካሪ ነው። እዚያ ሳይደርስ ነው መያዝ ያለበት።


ለገጣፎ ሾፌር (ማክሰኞ ማታ 2:41)

አልደረሰም፣ ተመስገን። መድኃኒቱና ስፖርቱ ይዞልኛል።


የወጌሻ ልጅ (ረቡዕ ጠዋት 3:10)

አባቴ ቡራዩ ዳር ወጌሻ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ብዙ ሰው አሽቷል። አንድ ነገር ግን አይነካም ነበር። አንድ ጉልበት ብቻ ድንገት አብጦ፣ ሲነካ የሚያቃጥል፣ ሰውየው ደግሞ ብርድ ብርድ የሚለው ከሆነ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ሂድ» ይላል። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። ዶክተር ምን ይሆን እሱ?


ጥቁርና ነጭ (ረቡዕ ማታ 1:15)

አባትሽ ከብዙዎቻችን ይሻሉ ነበር። እሱ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል ነው። በቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ይጨርሰዋል፣ ደም ውስጥ ከገባም ይገድላል። ራጅ እዚህ ላይ አታምኑት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት ካልሆነ በቀር ምንም አያሳይም። ፊልሙ ጤነኛ ነው ተብሎ ቤት መመለስ የለም፤ በዚያው ቀን በመርፌ ፈሳሹ ተቀድቶ መታየት አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ አገር አይረሳም። የአጥንት ቲቢ። እሱ እንደ መግሉ አይቸኩልም። አንድ መገጣጠሚያ፣ ብዙ ጊዜ ዳሌ ወይም ጉልበት፣ ለወራት ቀስ እያለ ያብጣል፣ ጡንቻው ይከሳል። ፊልሙ ላይ አጥንቱ ሳስቶ፣ ጠርዙ ተቦርቡሮ ታያለሽ፤ ክፍተቱ ግን ገና አለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠበው። ሩማቶይድ ይመስላል። ልዩነቱ፣ ሩማቶይድ ብዙ ቦታ ላይ ነው፣ ቲቢው አንድ ቦታ ላይ። ለአንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሩማቶይድ ብዬ ከመጻፌ በፊት ሁለቴ አስባለሁ። አንዱን እንደ ሌላው አድርጎ ማከም ጉድ ያመጣል፤ የሩማቶይድ መድኃኒት ቲቢውን ያነሳሳዋል።


ገላን 04 (ረቡዕ ማታ 3:00)

ባለቤቴ ቆዳው ላይ ቅርፊት አለው፣ ሶሪያሲስ ተብሏል። አሁን ጣቱ አንድ ላይ እንደ ቋሊማ አብጧል። ይገናኛል?


ጥቁርና ነጭ (ረቡዕ ማታ 3:22)

ሊገናኝ ይችላል። የሶሪያሲስ ቁርጥማት የሚባል አለ። ጥፍሩን እይው፣ የተነቀሰ የሚመስል ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው በተለይ። ራጅ ላይ አስቸጋሪ ልጅ ነው። እየበላ እየሠራ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ይቦረቡራል፣ በዚያው አጠገብ ለስላሳ አዲስ አጥንት ይደርባል። ጥፍር ሥር ያለውንም አይምርም። ሲከፋ አንዱ አጥንት እንደተቀረጸ እርሳስ ሹል ሆኖ፣ እንደ ስኒ በጎደጎደው በሌላው አጥንት ውስጥ የቆመ ይመስላል። ለሐኪሙ ቆዳውን ሳትደብቁ ንገሩት። ብዙ ሰው ለአጥንት ሐኪም የቆዳውን ነገር አይናገርም።


አያት 49 (ረቡዕ ማታ 4:10)

ይሄ ሁሉ ራጅ ካንሰር አያመጣም? እናቴ አንዴ ተነስታ ሁለተኛ አልነሳም ብላለች።


ራጅ አንሺው (ረቡዕ ማታ 4:25)

የእጅና የእግር ጨረር በጣም ትንሽ ነው። አንድ የእጅ ፊልም ዝም ብለን ከመሬትና ከሰማይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከምናገኘው አይበልጥም። ሆድና ወገብ ከፍ ይላል፣ ሲቲ ስካን ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ የሚያስፈራው ሁለተኛው አይደለም፣ አንደኛው በደንብ ሳይነሳ መቅረቱ ነው።


ቱሉ ዲምቱ 11 (ረቡዕ ማታ 4:40)

እኔ ጉልበቴ ግሬድ 3 ተብዬ ኳስ እጫወታለሁ። ግሬድ 1 የተባለች ጎረቤቴ ደግሞ መቀመጥ አትችልም። ይሄን አስረዱኝ።


ጥቁርና ነጭ (ሐሙስ ጠዋት 2:15)

አላስረዳህም፣ ግን ልክ ነህ። ያ ቁጥር ኬልግረንና ሎረንስ የሚባሉ ሐኪሞች በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ከ0 እስከ 4 ይሄዳል። 0 ንጹሕ ነው፣ 2 ላይ የበቀለው አጥንት በግልጽ ይታያል፣ 4 ላይ አጥንት ከአጥንት ሊነካካ ደርሷል። የሚቆጥረው ፊልሙን ነው፣ ሕመሙን አይደለም። ልም አጥንት ነርቭ የለውም። የሚያመው በዙሪያው ያለው ነው፦ ሽፋኑ፣ ጡንቻው፣ ከሥሩ ያለው አጥንት። ስለዚህ ፊልም አይቶ ብቻ ጉልበት የሚቀይር ሐኪም ካለ ሩጥ። ኳሱን ግን ቀስ በል።


የኮዬ ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1:30)

ተመለስኩ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል፣ ለሁሉም እዚሁ ልጻፍ።

ቀለበቱ በሳሙና ወጣ። እማዬ አለቀሰች፣ አያቴ ትዝ ብላት ነው፣ ሳሙናው አይደለም። ከተማ መሀል ያለ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። ታክሲው፣ ወረፋው፣ አልናገርም፣ ታውቁታላችሁ። ሁለቱንም እጅ አንድ ላይ፣ ሁለቱንም ጉልበት ቁማ፣ ያልጠበቅኩት ደግሞ ሁለቱንም እግር አነሷት። እግሬን አላመመኝም ብላ ተከራከረች።

እጇ ላይ የሌባ ጣትና የመሀል ጣት ሥር ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ጠቧል፣ በሁለቱም እጅ። አጥንቱ ሳስቷል። የበቀለ ነገር የለም። ቀለበቱ ሸፍኖት የነበረው ቦታ ላይ ምንም አልተገኘም፣ በከንቱ ነው የተጨነቅኩት። ቡርቡሩ የተገኘው እግሯ ላይ ነው! የግራ እግር ትንሿ ጣት ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል። አንድ ቀን አሟት አያውቅም። ደሟ ውስጥም የሩማቶይዱ ምርመራ፣ ሲሲፒ የሚሉት፣ ፖዘቲቭ ሆነ።

ጉልበቷ ግን ሩማቶይድ አይደለም። ቁማ ስትነሳ የውስጠኛው ጎን በግልጽ ጠቧል፣ ውጪኛው ሰፊ ነው፣ ጠርዙ ላይ አጥንት በቅሏል። ግሬድ 3 አሉ። ሁለት በሽታ ነው ያለባት ማለት ነው።


ጥቁርና ነጭ (እሑድ ማታ 2:12)

እግራቸውን ያነሳቸውን ሰው አመስግኝልኝ። ሩማቶይድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቦረቡረው ያንን ነው፣ የትንሿን የእግር ጣት ሥር፣ እጅ ገና ንጹሕ ሳለ። እኛ ግን እጅ ያመመውን ሰው እጁን ብቻ እናነሳለን። ሁለት በሽታ መሆኑም ብርቅ አይደለም። አንድ ሰው አንድ በሽታ ብቻ ይኑረው የሚል ሕግ የለም።

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የሩማቶይድ መድኃኒት ጀመሩላቸው?


የኮዬ ልጅ (እሑድ ማታ 2:20)

አዎ። መጀመሪያ ደረቷን አነሷት፣ የጉበትና የደም ምርመራ አደረጉ። ለጉልበቷ ደግሞ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አሳይተዋታል።


ጥቁርና ነጭ (እሑድ ማታ 2:24)

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ! በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፣ ሞተዋልም። ቀኑን መርጣችሁ ጻፉት፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ። ፎሊክ አሲዱንም እንዳይረሱ፣ ደሙንም በቀጠሮው አስመርምሩ።


የኮዬ ልጅ (እሑድ ማታ 2:47)

ካላንደሩ ላይ እሑድ እሑዱን በቀይ አክብቤ ነበር። እማዬ አይታ «እሑድ ቅዳሴ አለብኝ፣ በባዶ ሆዴ ነው የምሄደው፣ ሰኞ አድርጊው» አለች። ሰኞ ሆኗል።